የዘለልኩት የዕለት እንጀራ

ባለፈው መስቀል ጎረቤቴ «ልጆችሽ ዘንድሮም አልመጡም?» ስትለኝ፣ «የዕለት እንጀራ ይዟቸው ነው» አልኳት። ሁላችንም ሳናስበው የምንለው ነገር ነው፤ ከአባታችን ሆይ ጸሎት የመጣ መሆኑ ትዝ የሚለው ሰው ጥቂት ነው። እኔ ግን በልጅነቴ ከዚህ ቃል ጋር ክፉኛ ተጣልቼ ነበር።

የንጉሡ ዘመን ማብቂያ አካባቢ ነው። ቤታችን ከቡታጅራ ወጣ ብሎ ነበር። አባቴ አዲስ አበባ ስለሚነግድ የምናየው ለመስቀል ብቻ ነው። አንድ ዓመት፣ በዓሉ አልፎ አውቶብስ ሊሳፈር ሲወጣ፣ ለምን እንደሚሄድ እናቴን ብጠይቃት «ለዕለት እንጀራ» አለችኝ።

ነገሩ አልዋጥልሽ አለኝ። እኛ ቤት የሚበላው ቆጮ ነው፤ እሱም በእንሰት ቅጠል ተሸፍኖ ጓሮ ተቀብሯል። ጉድጓዱ ሲከፈት ኮምጣጣ ሽታው እስከ ደጅ ይደርሳል። የከርሞ ምግብ እግራችን ሥር እያለ አባቴ የዕለቱን ፍለጋ የሚንከራተተው እኛው ጠዋት ማታ ስለምንለምን ነው ብዬ ደመደምኩ። ከዚያ ወዲያ ቤትም ሆነ ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ «የዕለት እንጀራችንን ስጠን ዛሬ» ሲባል አፌን ግጥም አደርግ ጀመር። እኔ እንኳ ካልለመንኩ አባቴ አይሄድም ብዬ ነው።

በተከታዩ መስቀል አባቴ መጣ። ስንጸልይ ዝም ማለቴን አይቶ ጠየቀኝ፤ ምክንያቴን ስነግረው አልሳቀም።

«በግዕዙ ሲሳየነ ነው የሚለው፣ ልጄ። ሲሳይ ቆጮም ነው፣ ልብስም ነው፣ ሰው የሚኖርበት ሁሉ ነው። ጉድጓዱ ልብስ አያወጣም» አለኝ።

«ታዲያ ለምን ብዙውን አንዴ ለምነህ እዚሁ አትቀመጥም?»

ቀና ብዬ ሳየው፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ እንቅልፍ ይዞት ሄዷል። እንደዚያ የደከመ ሰው አይቼ አላውቅም፤ አሳዘነኝ። በዓሉ ሲያልፍ ተመልሶ ሄደ። እኔም ከሄደ አይቀር ባዶ እጁን እንዳይቀር ብዬ ጸሎቱን ሙሉውን ማለት ጀመርኩ።

ዛሬ መንገዱ አጥሯል፣ ስልክም አለ። ያኔ ግን አባቴ ምንም ቢደክመው ከመስቀል ቀርቶ አያውቅም። አሁን እኔም አርጅቻለሁ፤ ማታ ብቻዬን ስጸልይ እዚያች ቃል ላይ እቆማለሁ። ብለምን ልጆቼ ይርቁብኛል፤ ባልለምን ይራቡብኛል። እንዲያም ሆኖ እለምናለሁ።