ከሸጎሌ በላይ፣ ዝም ያልኩበት ዳገት

ዊንጌት፣ ሊነጋጋ ሲል

ከቤት ስንወጣ የሰፈር ውሾች ገና ጩኸታቸውን አልጨረሱም። እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ በር ላይ ቆማ ታዘናለች።

«ጅብ ካያችሁ እንዳትሮጡ። ሰው ካያችሁ ግን ሩጡ። ጫካ ውስጥ ማንም ቢጣራ አቤት እንዳትሉ፣ ወይ ሰይጣን ነው ወይ ሌባ። ሰማህ አቤል? እሷን ይዘህልኝ ተመለስ።»

እሷ ማለት ታናሽ እህቴ ትዕግስት ናት። ቲጂ ነው የምንላት። ክረምት ላይ ሁለት ሌቦች ስልኳን ሲነጥቋት አስፋልት ላይ ጎተቷት፣ ከዚያ ወዲህ ብቻዋን ታክሲ አትሳፈርም። ኮሌጅ የማደርሳት እኔ፣ የማመጣት እኔ። አስረኛን ጥሎ ለወጣ ሰው የተገኘው ሥራ እሱ ነው። በቃ፣ ጫካ ላስገባትና ፍርሃቷ ይውጣላት አልኩ። አንተን ማን ሐኪም አደረገህ እንዳትሉኝ።

እናንተ ቅዳሜ ቅዳሜ ሚኒባስ ተኮናትራችሁ እንጦጦ የምትወጡ፣ ጫማችሁን አይተናል፣ ያምራል። እኛ ሰፈር ሃይኪንግ ድሮም አለ፤ ስሙን ነው ያላወቅነው።

ሸጎሌ

ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «በጠዋቱ ወዴት ነው?» አለኝ።

«ጫካ።»

«ከሷ ጋር?»

«እህቴ ናት ባክህ።»

«ሁሉም እንደሱ ነው የሚለው» አለና ታክሲውን አሳቀብኝ።

ሾፌሩ ግን አልሳቀም። በመስታወት አየንና «ከላይ ባለው መንገድ ባለፈው ልጆች ተዘርፈዋል አሉ። ጫማ ሳይቀር አስወልቀው ነው የላኳቸው» አለ።

ቲጂ እጅጌዬን ጨበጠች። «የኔን ጫማ ካዩ አዝነው ሌላ ይሰጡኛል» አልኩ። ተሳቀ።

ሸጎሌ ጭቃ ነው። በግ የሚጎትት ሰው፣ ቀለሙ ያልደረቀ ፎቅ፣ ፎቁ ሥር የሚያመነዥግ በሬ። ቆመን ሻይ በቦምቦሊኖ በላን። ቦምቦሊኖው አንሷል፣ ዋጋው አድጓል፣ ስትናገር ደግሞ ሻጯ ታኮርፋለች። አኮረፈችኝ።

ጫካው

ኮብልስቶኑ አለቀ፣ ከዛ ጠጠሩ አለቀ፣ ከዛ የቆርቆሮ አጥሩም አለቀ። ባህር ዛፍ ብቻ። ጉሙ ከዛፎቹ መሃል አልወጣም፣ አሥር ሜትር ወደፊት ያለው ነገር አይታይም። መሬት ላይ እንደ ኖራ የነጣ የጅብ ኩስ አየሁ። ለቲጂ አላሳየኋትም። ቅጠል ኮሽ ባለ ቁጥር አንገቴ ብቻውን ይዞራል።

መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ጠመዝማዛ፣ ጭቃና የአህያ ፋንድያ የሞላው። ሌላው ቀጥ ብሎ ሽቅብ የሚወጣ ቦይ፣ ወለሉ የተጠረገ የሚመስል፣ ልሙጥ።

«ይሄ አስፋልት ነው፣ በዚህ እንውጣ» አልኩ።

«አቢ፣ ይሄ እኮ ኮቴ የለበትም። የሰውም የአህያም።»

«አንቺ ደግሞ የመንገዶች ባለሥልጣን።»

ወጣን። ቦዩ ጠለቀ፣ ግራና ቀኙ አፈሩ እስከ ደረታችን ደረሰ። እግር ይንሸራተታል። ግማሽ ላይ ስንደርስ ከላይ፣ ከጉሙ ውስጥ፣ ድምፅ መጣ።

«ሰው አለ?»

የሾፌሩ ወሬና የእናቴ ትእዛዝ አንድ ላይ መጡብኝ። ቲጂን ጎትቼ ከቦዩ ግድግዳ ጋር አጣበቅኳትና አፏን ያዝኩ። ድምፁ በኦሮምኛ ደገመ፣ ከዛ እንደገና በአማርኛ፣ «ታች ሰው አለ ወይ?»

ትንፋሼን ዋጥኩ። ጸጥ አለ። ከዛ ሲኖትራክ ጠጠር ሲገለብጥ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ መጣ። ከጉሙ ውስጥ ጥርቅም ብሎ የታሰረ እንጨት፣ አህያ እንኳን የማይችለው፣ እየዘለለ ወረደ። ቅድም የቆምንበትን የቦዩን መሃል ጠርጎት አለፈ። አንዱ ጫፍ ጃኬቴን ከትከሻው ቀደደው። አፈር አፌ ገባ።

ሳንተነፍስ እንደገና፣ «ሰው አለ?»

እኔ ጀግናው ምን እንዳደረግኩ ታውቃላችሁ? አፏን የባሰ ጨመቅኩት። ሌቦቹ አይተውን ነው እንጨት የሚለቁብን ብዬ አስቤያለሁ። ቲጂ መዳፌን ነከሰችኝ። ከምሯ ነከሰችኝ። ለቀቅኳት።

«አለን! ሰው አለን! እንዳትለቁ!»

እንደዛ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም። ስልኳን ሲነጥቋት እንኳን ድምፅ አልወጣትም ነበር።

ከላይ «ወይኔ!» የሚል ጩኸት ተሰማ፣ ከዛ አንዲት ሴትዮ በፕላስቲክ ጫማ እየተንሸራተቱ ከጉሙ ወጡ። የእናቴ እኩያ ናቸው። መጀመሪያ ቲጂን ፊቷን፣ ክንዷን ዳሰሱ። ከዛ ወደኔ ዞሩ።

«አፍ የለህም አንተ? ነፍሰ ገዳይ ልታደርገኝ ነው?»

«እማማ፣ ሌባ መስለውኝ ነው።»

«ይሄ እንጨት መልቀቂያ ነው፣ መንገድ አይደለም! እዚህ ገደል ላይ ሸክም በጀርባ አዝሎ አይወረድም። ተጣርተን ነው የምንለቀው። ሰው ካለ አለሁ ይላል። ዝም ካለ ባዶ ነው ብለን እንለቃለን። ልጅ አዋቂው የሚያውቀው ነው!»

«እኛ ቤት ጫካ ውስጥ ለተጣራ አቤት አይባልም።»

«እኔ ሌባ ልሁን? ያንተን ዓይነት ጎረምሳ እየፈራሁ አይደል እንዴ ጫካ ለጫካ የምኖረው!»

ቲጂ ሳቀች። ሴትዮዋም እንባቸውን በመቀነታቸው እየጠረጉ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም፤ አፌ ውስጥ የቀረውን አፈር እየተፋሁ ነበር።

ሸጎሌ፣ ከሰዓት

ጫፍ አልወጣንም። በአህያው መንገድ ወረድን። ከኋላችን ከሩቅ «ሰው አለ?» ሲባል እኔ እደነግጣለሁ፣ ቲጂ ዘወር ብላ «በዚህ በኩል አለን!» ትላለች።

ታክሲ ተራው ጋ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይጮሃል፣ «ዊንጌት አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!»

«ይሄ ይለፈን፣ ሁለት ቦታ ያለው ይመጣል» አልኳትና እጅጌዋን ያዝኩ።

እጄን አየችው። የነከሰችው ቦታ አብጧል። ቀስ አድርጋ አላቀቀችውና «አለሁ!» ብላ ለረዳቱ እጇን አነሳች። ገባች። በሩ ተዘጋ።

ታክሲው ኩርባውን ሳይጨርስ ስልኬ ጠራ። እናቴ ናት።

«ደህና ናችሁ? እሷስ?»

«ቀድማኝ እየመጣች ነው።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዋን።»

መስመሩ ጸጥ አለ።

«እማዬ? አለሽ?»

«አለሁ» አለች ቆይታ። «ነጠላዬን እየፈለግኩ ነው። ታክሲ ተራው ጋ ልጠብቃት።»