ሁሉም በደቂቃ ሃያ ይተነፍሳል

መቀሌ ውስጥ፣ ስሙን በማልጠራው ሆስፒታል፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ልምምድ በጀመርንበት ሳምንት አንድ ተአምር አየሁ። እዚያ የተኛ ሰው ሁሉ በደቂቃ ሃያ ጊዜ ይተነፍሳል። ሽማግሌው ሃያ፣ የመኪና አደጋ የደረሰበት ጎረምሳ ሃያ፣ ትናንት ያረፉት እናት ሳይቀሩ እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ድረስ ሃያ። መዝገቡ እንዲህ ነበር የሚለው።

ምስጢሩን የገለጠችልኝ አንድ ዓመት የምትቀድመኝ ተማሪ ናት። የልብ ምቱንና ኦክስጅኑን ሞኒተሩ ይናገራል፤ ትንፋሽ ግን ደረት እያዩ ሙሉ ደቂቃ መቁጠር ይፈልጋል። "ማን ተገትሮ ይቆጥራል? ሃያ በይ፤ በሃያ የተቆጣ መምህር የለም" አለችኝ። እውነቷን ነው። መምህራችን ጠዋት ጠዋት አሰልፎ ሰከንድ ቆጣሪ ያለው ሰዓት ማሰራችንን ይፈትሻል፤ ሰዓቱን ማየታችንን ግን ፈትሾ አያውቅም። እኔም፣ እናቴ ወሎ ላይ ሆና "ልጄ ሐኪም ልትሆን ነው" እያለች የምታስወራልኝ፣ በሦስተኛው ቀን ቀና ብዬ እንኳ ሳላይ ሃያ መጻፍ ጀመርኩ። ለክፉ ልማድ ማንም አይቀድመኝም።

የደረሱኝ ታማሚ የሳንባ ምች ያደቀቃቸው አባት ነበሩ። ያን ቀን ጠዋት ከመተንፈሻ ማሽኑ ተላቀው በራሳቸው እንዲተነፍሱ ተሞከረ። ከቻሉ ወደ ተራው ክፍል ይዛወራሉ፤ ካቃታቸው ሳይዳከሙ ወደ ማሽኑ መመለስ አለባቸው። ለዚህ ነበር ትንፋሻቸውን በየሰዓቱ እንድቆጥር የታዘዝኩት። ሦስት ጊዜ ሃያ ጻፍኩ። ጽሕፈቴ ያምራል።

በመጠየቂያ ሰዓት ሓድነት ሰፈር ሱቅ ያላት ሴት ልጃቸው ጋውን ደርባ ገባች። አባቷን ትኩር ብላ አየችና ወደ እኔ ዞረች።

"ሓፍተይ፣ የአቦይ ትንፋሽ ፈጠነብኝ።"

"አይዞሽ እህቴ፣ እየተከታተልናቸው ነው" አልኳት።

በዚያ ያለፈው ሐኪምም መዝገቡን ገልጦ "ሃያ ነው፣ ደህና ናቸው" ብሎ ሄደ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ወረቀቱ የእኔ ነበር፤ ሞኙን ግን ገና አልለየንም።

"ወረቀቱን ተዪው በጃኺ፣ እሱን እዪው" ብላ ለመነችኝ ልጅቷ።

አፈርኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዓቴን ይዤ ደረታቸው ላይ አፈጠጥኩ። አርባ አንድ። ስህተት በሆነ ብዬ ደግሜ ቆጠርኩ፤ አርባ ሦስት። ትንፋሽ በሳቡ ቁጥር በጎድን አጥንቶቻቸው መሃል ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ይሰረጉድ ነበር። ሐኪሙን ሮጬ ጠራሁት።

"አሁን ሃያ አልነበረም እንዴ?" አለ።

"በድንገት ፈጠነባቸው" አልኩ። ሁለተኛው ውሸት ከመጀመሪያው ይልቅ ቀለለኝ።

ወደ ማሽኑ መለሷቸው፤ ለጥቂት ተረፉ። ሐኪሙ ጓደኞቼን ሰብስቦ ታማሚን በንቃት መከታተል ማለት ይህ ነው አላቸው፤ እኔን እያሳየ። ከበሩ ስወጣ ልጅቷ ሁለት እጄን ይዛ ታለቅሳለች።

"እግዚአብሔር ይስጥሽ ሓፍተይ። አንቺ ባትኖሪ አቦይን አጥቼው ነበር።"

እኔ ባልኖር ምናልባት የሚቆጥር ሰው ይመደብላቸው ነበር። አሜን ብዬ ምርቃቱን ተቀበልኩ።