ፉል ቤቱ የሞላ ዕለት

አሳየች የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። አዳማ፣ እኛ ሰፈር ያደገ ልጅ ሁሉ አንድ ቀን እሷ ፊት እጁን ዘርግቶ ቆሞ ተለክቷል። ሜትሯ ከአንገቷ አይወርድም። አንዴ እንዲያውም እንደተንጠለጠለባት ለቅሶ ሄዳ፣ ሐዘንተኛዋ «ደግሞ ማንን ልትለኪ ነው?» ብላ በእንባዋ መሃል ስቃለች።

የሰፈሩ ነጋዴዎች ለገማች ኮሚቴ ተወካይ ምረጡ ሲባሉ በአንድ ድምፅ እሷን አሉ። ገማች ማለት መዝገብ የማይዙ ትንንሽ ነጋዴዎችን ሱቅ እየዞረ፣ በዓይኑ አይቶ፣ «ይህ ቤት በቀን ይህን ያህል ይሸጣል» የሚል ነው። ግብሩ የሚሰላው ከዚያ ተነስቶ ነው። «አሳየች ስትለካ አታሳጥርም፣ አታስረዝምም» አሏት። ደስታዋን አትጠይቁኝ! ለራሷ ኮት ሰፋች።

የመጀመሪያው ቤት የአቶ ምልኬሳ መጋዘን ነበር። ምልኬሳ ከመቂ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያስመጣ ሰው ነው። አይሱዙዎቹ ሲደረደሩ መንገድ ይዘጋሉ፤ ፈቃዱ ላይ ግን «አነስተኛ የአትክልት ነጋዴ» ይላል። ባለፈው አገራዊ ምርጫ ጊዜ ቲሸርቱን ያሳተመ፣ ሰዉን በአውቶቡስ ያመላለሰ፣ ቀስቃሾቹን ሶደሬ ወስዶ በሬ ጥሎ ያበላ እሱ ነው። ያስመረጠው ሰው ዛሬ ትልቅ ወንበር ላይ ተቀምጧል። የሁለቱ ፎቶ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ ላይ እንዳነሱ፣ ከምልኬሳ ጠረጴዛ በላይ ተሰቅሏል።

የዚያን ዕለት አይሱዙዎቹ የሉም። የመጋዘኑ በር ግማሹ ተዘግቷል። ውስጥ ያለው ጥቂት ከረጢት ሽንኩርት ብቻ ነው፣ እሱም የበቀለ።

«አካም ቡልተን፣ እትዬ! ኑ ግቡ!» አለ ምልኬሳ። «በሞቴ፣ ለስላሳ ሳትጠጡማ ሥራ የለም። የዘንድሮ ሽንኩርት እኮ ባዶ አስቀረን!»

ከግብር ቢሮ የመጣው ሁንዴ እስክሪብቶውን ከፈተ። ቀና ሲል ፎቶውን አየ። እስክሪብቶውን መልሶ ዘጋና ወደ አሳየች ዞረ።

«እትዬ፣ የሰፈሩ ሰው እርስዎ ነዎት። ምን ይላሉ?»

የአሳየች ቤት ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ነው። አይሱዙዎቹ ጠዋት በወንጂ መንገድ ዞር ሲደረጉ በዓይኗ አይታለች። ግን የእድሩን ድንኳን የገዛው ምልኬሳ ነው። ለስላሳውም ተከፍቶ እጇ ላይ ነው።

«ገበያው... ቀዝቅዟል» አለች።

ሁንዴ ጻፈ።

ቀጥሎ የቀመሪያ ፉል ቤት ነበር። ቀመሪያና አሳየች ወንጂ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ ሰፈር አብረው ያደጉ ናቸው። ፉል ቤቱ አራት ጠረጴዛ አለው፤ ከሁለቱ በላይ ሲሞላ ያየ የለም። ሌላው ነጋዴ ገማች መጣ ሲባል ዕቃ ይደብቃል። ቀመሪያ ግን «የኔ አሳየች ሹም ሆና ልትጎበኘኝ ነው!» ብላ የባጃጅ ሾፌሮቹን በነፃ ጠርታ፣ እህቷን ከነልጆቿ ከሁሩታ አስመጥታ፣ ከጎረቤት ወንበር ተውሳ፣ ቤቱን ጢም አድርጋ ጠበቀቻቸው።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አለ ሁንዴ፣ መቀመጫ ፈልጎ ካገኘ በኋላ።

«ምን ነካህ ልጄ! ዛሬማ ቀዝቅዟል!»

አሳየች በጠረጴዛው ሥር እግሯን ረገጠቻት።

«ኧረ እግሬን! ምነው አንቺ፣ ኮት ስትለብሺ ዓይንሽ ጠፋ?» አለች ቀመሪያ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

«እትዬ፣ ምን ይላሉ?» አለ ሁንዴ።

እነዚህ እንግዶች ናቸው ማለት ነበረባት። ግን ይህን ስትል «መጋዘኑ ጋ የነገሩንስ እውነት ነው?» ቢላትስ? የለስላሳው ጣዕም ገና ከአፏ አልጠፋም።

«ያያችሁትን ጻፉ» አለች።

ውጤቱ ሲለጠፍ የፉል ቤቱ ግብር ከሽንኩርቱ መጋዘን በልጦ ተገኘ። ቀመሪያ ይህን ከከፈለች ቤቱን መዝጋቷ ነው። እያለቀሰች አሳየች ጋ መጣች። አሳየች ስድብ ነበር የጠበቀችው።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች ቀመሪያ። «አንቺን ላከብር ብዬ ሰው ፊት አሳፈርኩሽ። ይቅር በይኝ።»

አሳየች ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች። ጠቀለለችው፣ ፈታችው፣ መልሳ ጠቀለለችው።

«ቅሬታ ሰሚ ጋ አብሬሽ እገባለሁ። ሁሉንም እናገራለሁ።»

ሁሉንም ስትል የመጋዘኑንም ማለቷ ነበር። መንገዱን ሙሉ ቃሉን ስታጠናው ሄደች።

ክፍሉ ሲገቡ፣ ከኃላፊው ጎን፣ «የነጋዴዎች ተወካይ» የሚል ጽሑፍ ፊቱ ተቀምጦለት የተሰየመው ምልኬሳ ነው። ብድግ ብሎ ተቀበላቸው።

አሳየች የባጃጅ ሾፌሮቹን ተናገረች፣ እህትየዋን ተናገረች፣ ወንበሩም የተዋሰችው ነው አለች። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠርጋ «ሌላም...» ስትል ምልኬሳ አቋረጣት።

«ይበቃል እትዬ! እርስዎ ቆመው ሲለምኑ እኔ ቁጭ ብዬ ልስማ?» ወደ ኃላፊው ዞረ። «እባክህ፣ ለእኔ ስትል የቀመሪያን ዝቅ አድርግላት።»

ኃላፊው ያኔውኑ ዝቅ አደረገው።

«ሌላም የሚሉት አለ እንዴ፣ እትዬ?» አለ ምልኬሳ፣ ፈገግ ብሎ።

አሳየች ቀመሪያን አየች። ቀመሪያ የሰውየውን እጅ በሁለት እጇ ይዛ እያለቀሰች ትመርቀው ነበር።

«የለም» አለች አሳየች።

ዛሬ ፉል ቤቱ ክፍት ነው። ግድግዳው ላይ ያ ፎቶ፣ ሁለቱ እጃቸውን ያነሱበት፣ በመስታወት ተሰቅሏል። «በሚመጣው ምርጫ እሱ ምረጪ ያለኝን ነው የምመርጠው። ውለታ አልበላም እኔ!» ትላለች ቀመሪያ፣ ለገባ ሁሉ። ኮቱ ለሁሩታዋ እህት ተሰጥቷል። አሳየች ጠዋት ጠዋት ትመጣና ለግድግዳው ጀርባዋን ሰጥታ ትቀመጣለች።

«ወደዚህ ዙሪና እናውራ እንጂ! ግድግዳው ምን አደረገሽ?» አለቻት በቀደም ቀመሪያ።

«በዚያ በኩል ፀሐዩ ዓይኔን ይወጋኛል።»

ፀሐዩ የሚገባው በበሩ ነው። አሳየችም ፊቷን የሰጠችው ለበሩ ነበር።