ለድንጋይ የተያዘ ጥላ

ገመድ ላይ የተሰጣ እርጥብ አንሶላን ንፋስ ሲመታው የሚሰማው ድምፅ ዛሬም ከተቀመጥኩበት ያስነሳኛል። እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ በተከራየነው ግቢ ልብስ ሳሰጣ፣ ጥላው ፊቴ ላይ ሲያርፍ እጄ ሥራ ይፈታል።

ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ ትምህርት ባቆምኩበት ዓመት፣ ከሾዋክ ወዲያ ካለ ኮረብታ ሥር የጥንት የድንጋይ ቤት መቆፈር ተጀመረና ከእናቴ ጋር ተቀጠርን። እሷ አፈር ታወጣለች፣ እኔ እጠርጋለሁ። ፎቶ በሚነሳበት ቀን ግን ድንጋዩን በብሩሽ እናጸዳና፣ ወደ ኋላ እየሄድን የገዛ እግራችንን ዱካ በመጥረጊያ አጥፍተን ዞር እንላለን። ግድግዳው ግማሹ ፀሐይ ግማሹ ጥላ ከሆነ ፎቶው ስለሚበላሽ፣ እናቴና ጎረቤታችን ነጭ አንሶላ ወጥረው ይይዙለታል።

"ሹወያ ፎቅ!" ትላለች ሱዳናዊቷ ፎቶ አንሺ፣ ወደ እናቴ እያየች፤ ትንሽ ከፍ አድርጊው ማለቷ ነው።

"እቴ! እኛን ፀሐይ እየበላን፣ ድንጋዩ እንደ ሙሽራ ጥላ ተያዘለት!" ብላ ጎረቤታችን ስትስቅ አንሶላው ይርገበገባል፤ እንደገና ይጀመራል።

ፎቶ አንሺዋ በመጣችበት በመጨረሻው ቀን እናቴ ጠራችኝ። እጇ አፈር አፈር ይሸታል። "አንቺ ዓረብኛውን ትችይ የለ? እኔንም አንዴ ታንሳኝ በያት። ሰው ሲገኝ ለወንድምሽ እልክለታለሁ፤ መልኬን እንዳይረሳው።" እኛ ድንበር ስንሻገር ወንድሜ በልጅነቱ መተማ አክስታችን ዘንድ ቀርቶ ነበር።

መኪናው ድረስ ሄድኩ። ፎቶ አንሺዋ ካሜራዋን በጨርቅ እየጠቀለለች ቀና ብላ ስታየኝ፣ በመንገዴ ያጠናሁት ሁሉ ጠፋኝ።

"ውሃ ላምጣልሽ?" አልኳት።

አመጣሁላት። ጠጣች፤ አመስግናኝ ሄደች።

"ምን አለችሽ?" አለች እናቴ።

"ነገ አለች።"

በማግስቱ እናቴ የታጠበ የሱዳን ቶብ ለብሳ፣ ፀጉሯን ቅባት ተቀብታ መጣች። መኪና በተሰማ ቁጥር አካፋዋን ተክላ ቀና ትላለች። እኔ አንድ ቦታ ስጠርግ፣ ያንኑ ደግሜ ስጠርግ ዋልኩ። ወደ ቤት ስንመለስ፣ "ሥራ በዝቶባት ይሆናል" ብላ እኔኑ አጽናናችኝ።

ከወራት በኋላ በቁፋሮው አለቃ በኩል አንድ ፎቶ ደረሰን፤ ግድግዳው ብቻ። ሰው የለበት፣ ዱካ የለበት። በዚያው ክረምት እናቴን ወባ ወሰዳት። ፎቶ አልነበራትም።

ባለፈው ሳምንት ወንድሜ ደወለ። ድምፁ ጎርንኗል።

"እህቴ፣ የእማዬን ፎቶ ላኪልኝ እንጂ። መልኳ እየጠፋብኝ ነው።"

"ነገ" አልኩት።

ከዚያ ወዲህ የግድግዳውን ፎቶ አወጣለሁ፣ እመልሳለሁ፣ ደግሞ አወጣለሁ። ድንጋዩ ላይ ያረፈው ጥላ ጠርዙ በቀኝ በኩል ትንሽ ዝቅ ይላል። በዚያ በኩል አንሶላውን የያዘችው እናቴ ነበረች። በእግሯ ጣቶች ቆማም አልደረሰችም።