የሰናይት መኪና የመጨረሻው ብሎን

ባለፈው ሳምንት የልብስ ማጠቢያ ማሽናችን እየተንቀጠቀጠ ከቦታው መራመድ ጀመረ። ጎንበስ ብዬ ከኋላው ሳየው አንድ ብሎን ላልቷል። ባለቤቴ ጀማል አጠገቤ ቆሞ አየውና፣ "ሰው እንጥራ" አለኝ። የስድስት ዓመቷ ልጃችን ሳቀችበት። "ባባ፣ ጀስት ተርን ኢት!" አለችው፣ ጣቷን አየር ላይ እያሽከረከረች። እሱም ፈገግ ብሎ እጆቹን ኪሱ ከተተ። ማምሻውን አንድ ፓኪስታናዊ የጥገና ሠራተኛ መጥቶ በሁለት ደቂቃ አጥብቆት ሄደ።

ልጄ አባቷን የምታውቀው በመለዋወጫ ዕቃ ስቶር ሠራተኛነቱ ብቻ ነው። አል ዓይን ሰናይያ ውስጥ፣ ጋራዦቹ በተደረደሩበት ሰፈር፣ ብሎን ተሰብሮ ያስቸገረው ሁሉ "ሐበሻውን ጥሩት" ይል እንደነበር አታውቅም። እነዚያን እጆች ኪስ ውስጥ ያስገባቸው ማን እንደሆነም አታውቅም። እሱ ራሱም አያውቅም ነበር። የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። እዚያው አል ዓይን፣ አል ጃሂሊ አካባቢ በአንድ ቤት ሦስት ልጆች አሳድግ ነበር። ከአገር ቤት ወደ ዓረብ አገር ለቤት ሥራ መምጣት የታገደባቸው ዓመታት ነበሩ። እገዳው እዚህ ያለነውን ከሥራችን ባያስወጣንም፣ ቤተሰቧን ልታይ የሄደች ተመልሳ አትመጣም። ስለዚህ ማንም አይሄድም። ሠርግም ለቅሶም የምንደርሰው በስልክ ነበር። በዚያው ዓመት ማዳም ልጆቹ ስላደጉ ኮንትራቴን እንደማታድስ ነገረችኝ። "ሁለት ወር፣ ከዚያ ኸላስ" አለች። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ እንዲያውም ትልቅ ሻንጣ ገዛችልኝ። ሌላ ካፊል፣ የመኖሪያ ፈቃድ የሚያወጣልኝ አሠሪ፣ ባፈላልግ አጣሁ።

ጀማልና እኔ በወላጆቻችን ፈቃድ ተጫጭተን ነበር። እሱ የኮምቦልቻ ልጅ ነው፣ እኔ የሐይቅ። ኒካሕ ለማሰር የቀረን ነገር አልነበረም፤ ግን የእሱ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ሚስት የሚያስቀምጥ ዓይነት አልነበረም። ወይ እሱ የተሻለ ሥራ ያገኛል፣ ወይ እኔ የተሰጠኝ ሁለት ወር ሲያልቅ ሄጄ በዚያው እቀራለሁ። ከቀረሁ ደግሞ እንዲህ ያለውን ወንድ ማን ዝም ብሎ ይተወዋል? ቀን ከሌት የማላምጠው ይህንኑ ነበር።

ማን እንደምትወስደው ያወቅኩ የመሰለኝ ሰናይት የመጣች ዕለት ነው። ሰናይት አቡዳቢ በአንድ ትልቅ ኩባንያ ቢሮ የምትሠራ የአዲስ አበባ ልጅ ነበረች። አሮጌ መኪናዋ አቡዳቢ መግቢያ ላይ፣ መቅጣዕ ድልድዩ ጋ ፈልታባት ቆመች። እዚያው አቡዳቢ ያለ አንድ ጋራዥ ሞተሩን ልፍታ ብሎ ሁለት ብሎን ሰብሮ ተወው። ስለ ጀማል የነገራት ሰው ነበረና መኪናዋን አስጭና አል ዓይን ድረስ አመጣቻት። ጀማል አሠሪውን አስፈቅዶ አርብ አርብ፣ ጋራዡ ዝግ ሲሆን፣ ይሠራላት ጀመር። የእሱ የዕረፍት ቀን የእኔም የዕረፍት ቀን ነበር። በሳምንት አንዲት ቀን፣ ከጠዋት እስከ አስር ሰዓት፤ እሷንም ለሰው ሞተር ለቀቅኩ።

መጀመሪያ ላይ አልከፋኝም። ጋራዡ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሲሠራ ማየት እወድ ነበር። ጭስ የሚወጣበት ብረት ከሞተሩ ራስ ጋር በስምንት ብሎን ይታሰራል። እነዚያ ብሎኖች ዕድሜ ልካቸውን እሳት ሲበላቸው ስለሚኖሩ ከብረቱ ጋር ይጣበቃሉ፤ በጉልበት ከታገሏቸው አንገታቸው ተቀንጥሶ ግማሹ ውስጥ ይቀራል። ጀማል አይታገላቸውም። ዘይት ያጠጣቸዋል፣ በእሳት ያሞቃቸዋል፣ አናታቸውን በመዶሻ ቀስ አድርጎ ይመታል። ከዚያ ትንሽ ወደ ግራ ያዞራል፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ይመልሳል፣ እንደገና ወደ ግራ። አንዱ ብቻ አንድ ሰዓት ሊፈጅበት ይችላል። ሲወጣለት "አልሐምዱሊላህ" ይልና መዳፉ ላይ አስቀምጦ ያሳየኛል። ከዚያ በፊት ወድጄው ነበር፤ ያፈቀርኩት ግን እዚያ ጋራዥ ውስጥ ነው።

በሁለተኛው አርብ ሰናይት ሥራውን ልታይ ከአቡዳቢ መጣች። ሽቶዋ ከእሷ ቀድሞ ገባ። ጀማል በርጩማውን በንጹሕ ጨርቅ ጠረገላት። እኔ እዚያ በርጩማ ላይ ስንት አርብ ቁጭ ብያለሁ፤ አንድ ቀን ጠርጎልኝ አያውቅም። "ጄሚ" ትለዋለች። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ስም በአንዲት ሴት አፍ እንደዚያ አጥሮ ስሰማ ጆሮዬን አመመኝ። ደግሞ የሞተሩን ዕቃ ሁሉ በስሙ ትጠራለች፤ እኔ የማውቀው ብሎንና ቁልፍ ብቻ ነበር። ለምሳ ከማዳም ቤት ያመጣሁት ሩዝ በዶሮ ነበረኝ። እሷ የምሳ ዕቃዋን ስትከፍት ሽሮ ወጣ፤ አዋዜውም በጎን አለ። ጀማል ሩዜን በማንኪያ ቀመስ አድርጎ ወደ ሽሮው ዞረ። ጣቱን ሲልስ አየሁት። ሩዜን መልሼ ከደንኩት።

ይህ ሁሉ ምንም አይደለም። ልትሄድ ስትል መኪና ማቆሚያው ጋ ቆመው አወሩ። የሰኔ ሙቀት አስፋልቱን እያቀለጠው እነሱ ጥላ እንኳ አልፈለጉም። ጀማል ከኪሱ ፖስታ አውጥቶ ሰጣት። ስትከፍተው አራት ጉርድ ፎቶ አየሁ። የራሱ ፎቶ! አንዱ አይበቃትም ነበር?

"ምን ሰጠሃት?" አልኩት ስትሄድ።

"ምንም። የሥራ ነገር ነው።"

"የሥራ ነገር ፎቶ ይፈልጋል?"

"ሰዓዳ፣ ቆይ። ሲሆን ይነገርሻል።"

ሲሆን ይነገርሻል! ያን ሳምንት ማዳም ቤት ሸሚዝ ስተኩስ ሁለቱን በማዕረግ ድሬያቸው፣ ልጅ ወልደውልኝ፣ ልጁንም "ጄሚ ጁኒየር" ብዬ ሰይሜ ጨርሼ ነበር። የማዳም ታናሽ ልጅ ነጭ ሸሚዝ በዚያ ሳምንት ተቃጠለች።

ሦስተኛው አርብ ላይ ካልተሰበሩት ስድስት ብሎኖች አምስቱ ወጥተው አንድ ቀርቷል። የሞተሩ ራስ ተነቅሎ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ያ አንዱ ሲወጣ ብረቱ ይነሳል፣ በፊት የተሰበሩት ሁለቱም ይገኛሉ፣ ከዚያ መግጠም ብቻ ነው። ጀማል ከጠዋት ጀምሮ ሲያሞቀውና ዘይት ሲያጠጣው ሳለ የጁምዓ አዛን ተሰማ። "እንዳትነኪው፣ ዘይቱ ይግባለት። ከሶላት በኋላ በእጅ ይወጣል" ብሎኝ ታጥቦ ሄደ።

ብቻዬን ቀረሁ። ያንን ብሎን ተቀምጬ አየሁት። እሱ ቶሎ ከወጣ መኪናዋ ቶሎ ታልቃለች፣ መኪናዋ ካለቀች ያቺ ሴት ከሕይወታችን ትወጣለች። ይኼ ነበር ስሌቴ። ቁልፉን አነሳሁ። ግድግዳው ጋ የቆመ ቱቦ ነበር፤ ሌሎቹ መካኒኮች ጉልበት ለመጨመር ቁልፉ ላይ ሲሰኩት አይቻለሁ። ሰካሁት። ከጠረጴዛው ማዶ ቆሜ፣ ብረቱ ላይ ተደፍቼ፣ ባለኝ ኃይል ሁሉ ሳብኩ። እምቢ አለኝ። ሽሮዋን አስታወስኩና እንደገና ሳብኩ። ከዚያ ለስለስ አለ፤ ወጣ ብዬ ደስ አለኝ። ቁልፉን ሳነሳው የብሎኑ ጭንቅላት ከአንገቱ ጋር ተከትሎት መጣ። ሌላው ውስጥ ቀርቷል።

የስግደቱ ድምፅ ከመስጊዱ ይሰማኛል። ጭንቅላቱን በጥንቃቄ ቀዳዳው ውስጥ መልሼ ሰካሁት። ምንም ያልሆነ መሰለ። ቱቦውን ቦታው መልሼ፣ እጄን ታጥቤ፣ በርጩማው ላይ ቁጭ አልኩ።

ጀማል ፊቱ በርቶ መጣ። ቢስሚላህ ብሎ ቁልፉን ገባ አደረገ፣ በአንድ ጣቱ ወደ ግራ ገፋው። ጭንቅላቱ ቁልፉ ውስጥ እንዳለ ወጣ። መዳፉ ላይ አስቀምጦ አሳየኝ።

"ሰዓዳ፣ ሰበርኩት" አለኝ።

መሬት ላይ ቁጭ አለ።

"ያልነገርኩሽ ነገር አለ። የሰናይት ኩባንያ መካኒክ ይፈልጋል። ሚስት የሚያስቀምጥ ኢቃማ ነው። ወረቀቴንም ፎቶዬንም ያስገባችልኝ እሷ ናት። የመኪና ክፍሉ ኃላፊ 'የሠራውን ሞተር አሳዪኝ' ብሏታል። እስከ ሐሙስ ነው፤ ከዚያ ለዕረፍት ይሄዳል፣ ሌላ ሰውም አለው። ተስፋ አድርገሽ ባይሳካ እንዳታዝኚ ብዬ ነው ዝም ያልኩሽ።"

እኔ ነኝ የሰበርኩት ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ መጥቶ ነበር። "አይዞህ" አልኩት። እኔ! አይዞህ!

ያ አቡዳቢ ያለው ጋራዥ የሰበራቸው ሁለቱ ብሎኖች አላስቸገሩትም፤ ጉቷቸው ላይ ዳዶ በይዶ ከነዳዶው አዙሮ አወጣቸው። የእኔው ግን ከብረቱ ጠልቆ ነበር የተቀነጠሰው። ሊሰረስረው ሞከረ። መሰርሰሪያው ሸሸ፣ ማውጫ መሣሪያውም ውስጡ ተሰብሮ ቀረ። ሌላ የሞተር ራስ ከአሮጌ ዕቃ ሰፈር እስኪገኝ ሦስት ሳምንት አለፈ። ሥራውን ሌላ ሰው ወሰደው። ሁለቱ ወር አልቆ ወደ አገር ቤት ስመለስ ሰናይት ሊሰናበቱኝ ከመጡት አንዷ ነበረች፤ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ለካ ያኔም እጮኛ ነበራት። ብጠይቃት ኖሮ ትነግረኝ ነበር።

በእኛ ዘንድ ሰው መንገድ ሲወጣ፣ ረመዳንም ሲቃረብ፣ አውፍ ይባባላል፤ አንዱ የሌላውን በደል ይምራል። አየር ማረፊያ ጀማል ሻንጣዬን ይዞ ቆሞ፣ "በእኔ እጅ ነው የምትሄጂው፤ አውፍ በይኝ" አለኝ።

"አውፍ ብዬሃለሁ" አልኩት። በረራዬ ተጠራ።

ሦስት ዓመት ሐይቅ ተቀመጥኩ። እሱ በስልክ፣ "ቁልፍ ስይዝ ያ ብሎን ትዝ ይለኛል፣ እጄን አላምነውም" እያለ ይነግረኝ ነበር። በመጨረሻ ጋራዡን ትቶ አቡዳቢ ስቶር ሥራ ገባ፤ በዚያው ኢቃማ እኔን አመጣኝ። እውነቱን ከተናገርኩ አይቀር ይህንንም ልናገር፦ መካኒክነቱን ተውኩት ሲለኝ በሆዴ ደስ ብሎኝ ነበር። ከእንግዲህ ማንም ሴት ሞተሯን ይዛ አትመጣበትም አልኩ። ቅናት ሰውን እንዲህ ያደርገዋል፤ የምወደው ሰው የወደድኩበትን ነገር ሲያጣ ተደሰትኩ።

በየዓመቱ ረመዳን ሲመጣ ይኸው ሰው ፊቴ ቆሞ ስለዚያ ብሎን አውፍ ይለምነኛል። በየዓመቱ እሰጠዋለሁ። እኔ ደግሞ በተራዬ፣ "ያወቅከውንም ያላወቅከውንም አውፍ በለኝ" እለዋለሁ። ሁሉም ሰው የሚለው ነው። "ያላወቅከውን" ስል ቶሎ ብዬ ነው የማልፈው።

ትናንት፣ ረመዳን ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ከዐስር ሶላት በኋላ መጣ። "ሰዓዳ፣ አውፍ በይኝ። ያንንም ብሎን።"

በዚህ ዓመት አፌ አልታዘዝ አለኝ። "እሱ የአንተ ጥፋት አይደለም" አልኩት። "ቁጭ በል።"

ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት፤ ከተጠረገው በርጩማ እስከ ቱቦው። ስለ ሦስቱ ዓመታት ይጮህብኛል ብዬ ነበር። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ወዴት ነበር ያዞርሽው?"

እንደዚያን ቀን ከጠረጴዛው ማዶ ተደፍቼ በእጄ አሳየሁት። ወደ እኔ ግራ ሳብኩ፤ ከብሎኑ ጀርባ ስለነበርኩ ግን ለብሎኑ ቀኝ፣ ማጥበቂያው፣ መሆኑን እሱ ወዲያው አየው።

"ወደ ቀኝ" አለ። "እኔ እኮ ወደ ግራ ነበር ያዞርኩት።" ሁለት ሦስት ጊዜ ደገመው፤ ለእኔ አልነበረም የሚናገረው። ከዚያ ጫማውን አድርጎ ወጣ።

ተመልሶ ራቱን በላ፣ ከልጃችን ጋር ተጫወተ፣ ነገሩን አላነሳም። ዛሬም አላነሳም። ባላጠፋው ጥፋት ስንት ዓመት ፊቴ ቆሞ ሲለምነኝ፣ መጠበቅ ምን እንደሚመስል አስቤው አላውቅም ነበር። አውፍ አላለኝም። ሁለት ቀን ቀርቷል፤ እየጠበቅኩ ነው።