ያልተመረገው ቤት

በግንቦት ዝናብ ቢጫዎቹ ወፎች ጓሯችን ያለው ዋንዛ ላይ ይሰፍሩ ነበር። ወንዱ ጎጆውን በሣር ይሠራና ከሥሩ ተዘቅዝቆ፣ ክንፉን እያርገበገበ ሴቷን ይጠራል። እሷ ገብታ አይታ ካልወደደችው ያፈርሰውና እንደገና ይጀምራል። እህቴ ይህን ስታይ "የኔው ሰውዬ!" እያለች በሳቅ ትፈርስ ነበር።

እጮኛዋ ያኔ መቱ ከተማ ዳር ቤት እየሠራ ነበር። እኛ ዘንድ ቤቱ ተመርጎ ሳያልቅ ሙሽራ እግሯን አታስገባም፤ እህቴም ቤቱን ከሩቅ ብቻ ታየው ነበር። ማገሩን ጨርሶ፣ ለምርጊቱ ደቦ ጠርቶ፣ ጭቃው ተቦክቶ ሳለ የቀበሌ ታጣቂዎች መጥተው ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት። ጭቃው እዚያው ደረቀ። ሞተ ያለን የለም፤ አለ ያለንም የለም።

ከዚያ ወዲህ ወፎቹ በመጡ ቁጥር እህቴ ጀርባዋን ለዋንዛው ሰጥታ ትቀመጣለች። እኔ ግን አያቸው ነበር፤ እያየሁም እበግን ነበር። ለወፍ እንኳ የተፈቀደ ነገር!

ከርሞ ማገሩ መዝመም ጀመረ። እናታችን "ሳይበሰብስ አፍርሰን ለማገዶ እናርገው" አለች።

እህቴ ቀና እንኳ አላለችም። "እንዴት ይፈርሳል? ገና ገብቼ አላየሁትም" አለቻት።