ፕላስተር ላይ የተጻፉ የምስጢር ቁጥሮች

ኢታንግ ጤና ጣቢያ ውስጥ የኔ ሥራ በነጭ ጋዝ የሚሠራውን የክትባት ማቀዝቀዣ መጠበቅ ነበር። ጠዋትና ማታ ቴርሞሜትሩን አይቼ እመዘግባለሁ፤ ጋዙ ሲያልቅ እሞላለሁ፤ የሚነደው ክር ጫፉ ሲጠቁር እቆርጣለሁ። በወሩ መጨረሻ ባዶ የክትባት ሳጥን ይዤ ጋምቤላ ከተማ እሄድና ከመጋዘን ክትባት ተቀብዬ በረዶው ሳይቀልጥ እመለሳለሁ። ደሞዝ የሚገባው በዚያው ሰሞን ነው። ኢታንግ ገና የገንዘብ ማሽን አልቆመባትም። ሁሉም ሰው ደሞዝ ሊያወጣ ከተማ ከወረደ ታካሚው በር ላይ ይቀራል። ስለዚህ የሁሉንም የባንክ ካርድ ይዤ የምሄደው እኔ ነበርኩ።

ካርዱን ብቻ አልነበረም የሚሰጡኝ። የምስጢር ቁጥሩን በቃሌ እንዳልይዝ ሰዉ ብዙ ነው፤ በወረቀት ጽፌ እንዳልይዝ ደግሞ ወረቀቱ በላብ ይበሰብሳል። መፍትሔውን ያገኙት ከቁስል ማሸጊያ ክፍል ነው። ከነጩ ፕላስተር ትንሽ ቁራጭ ተቆርጦ ካርዱ ጀርባ ላይ ይለጠፋል፤ ቁጥሩ እላዩ ላይ በእስክሪብቶ ይጻፋል። እኔ የጨመርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፕላስተሩ ካርዱ ጀርባ ላይ ካለው ጥቁር መስመር ዝቅ ብሎ እንዲለጠፍ። መስመሩን ከነካ ማሽኑ ካርዱን አያነብም።

የእያንዳንዱን ሰው እጅ ጽሑፍ አውቅ ነበር። ፋርማሲስቱ ቁጥሩን ከባሮ ማዶ የሚነበብ አድርጎ ነው የሚጽፈው። የአዋላጇ ነርስ ግን ትንንሽና ቀጥ ያለ ነበር፤ ሰባቷ ወገቧ ላይ አጭር መስመር አላት። ፕላስተሩ ሲያረጅ አዲስ ትለጥፋለች፤ ሰባቷ ግን ሁሌም ያቺው ነበረች።

እወዳት ነበር። ይህን ለሷም ለሌላም ሰው ተናግሬው አላውቅም። እኔ የዚያው አገር ልጅ፣ አኙዋክ ነኝ። አማርኛን የተማርኩት ከመድኃኒት መያዣዎች፣ ከግድግዳ ማስታወቂያዎችና ዕቃ ተጠቅልሎባቸው ከሚመጡ ጋዜጦች ነው። እሷ ከጎጃም ደጋ የመጣች ናት። ኢታንግ ከተመደበች ጊዜ ጀምሮ ትንሽ ሴት ልጇ እዚያው ጎጃም አያቷ ዘንድ ነበረች። አንድ ቀን ማቀዝቀዣው ክፍል መጥታ ክትባት እስካወጣላት ስትጠብቅ፣ ልጅቷ አያቷን «እማዬ» እንደምትል ነገረችኝ።

«አንቺንስ?» አልኳት።

«እኔን በስሜ ነው የምትጠራኝ። ስልክ ሲሰጧት ስሜን ጠርታ፣ ‹ደህና ነሽ?› ትለኛለች። እንደ ጎረቤት።»

ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ።

ሐሳቧ ልጅቷ ትምህርት ሳትጀምር ወደ ኢታንግ ልታመጣት ነበር። ያን ጊዜ የምትኖረው ከሌላ ነርስ ጋር በአንድ ክፍል ነው። ከገበያው ጀርባ ሁለት ክፍል ያለው የቆርቆሮ ቤት ያገኘሁላት እኔ ነኝ። ባለቤቱ ቅድሚያ ክፍያ ይፈልጋል። የልጅቷም የመንገድ፣ የአልጋና የልብስ ወጪ አለ። ለዚህ ስትል ከየወሩ ደሞዟ ከፊሉን ብቻ አውጣልኝ እያለች ሌላውን ባንክ ታስቀምጥ ነበር። ከሠራተኞቹ ሁሉ ሂሳቧ ውስጥ ገንዘብ የሚያድርላት እሷ ብቻ ናት። እኔ በእረፍት ሰዓቴ ወደዚያ ቤት እየሄድኩ መስኮቶቹ ላይ የወባ ትንኝ የማያስገባ ወንፊት እመታ ነበር። ልጅቷ ከመጣች እናትየዋም ኢታንግ ትቆያለች። ይህን እያሰብኩ ነበር የምመታው።

የዚያን ወር መጨረሻ ጋምቤላ ስደርስ የባንኩ ማሽን አይሠራም። «ኔትወርክ የለም» አለኝ ጥበቃው። ሰልፍ ላይ የነበሩ ሰዎች መሃል ከተማ ያለ አንድ ሱቅ በስልክ መስመር በሚሠራ የእጅ ማሽን ብር እንደሚሰጥ ነገሩኝ። ሄድኩ። ባለማሽኑ ጨዋ ወጣት ነበር። የክትባት ሳጥኔን ሲያይ ወንበር ሰጠኝ።

«የጤና ሰው ነህ? በረዶህ ሳይቀልጥ ቶሎ ልሸኝህ።»

ካርዶቹን አንድ ላይ ተቀበለኝ። ፕላስተሮቹን ሲያይ ሳቀ። «ይሄ ጥሩ ነው። ሐኪም ሁሉ ነገር ላይ ፕላስተር ይለጥፋል።» እያንዳንዱን ካርድ መጀመሪያ እጁን ከጠረጴዛው በታች ዝቅ አድርጎ በአንድ ትንሽ ዕቃ ላይ አንሸራተተ፤ ከዚያ በማሽኑ አሳለፈ። ለምን ሁለቴ እንደሆነ ጠየቅኩት። «የታችኛው ስለሚጠርገው ነው። አቧራ ካለው አያነብልኝም» አለ። የጋምቤላ አቧራ ምን ያህል እንደሆነ ስለማውቅ አመንኩት። ገንዘቡን አንድም ሳይጎድል ሰጠኝ። ካርዶቹንም ሁሉ መለሰልኝ።

ከዚያ በኋላ ኢታንግ ውስጥ የስልክ ኔትወርክ ጠፋ። ለኛ አዲስ ነገር አልነበረም። ሲመለስ የታፈነው መልእክት ሁሉ በአንድ ጊዜ ይገባል፤ የጤና ጣቢያው ስልኮች እንደ ጫጩት ይጮሃሉ። ያን ቀንም እንደዚያው ሆነ። ሁሉም ሰው ስልኩን እያየ ሲስቅ አዋላጇ ከማዋለጃ ክፍል ወጥታ ወደ እኔ መጣች። ጓንቷን እንኳ ከአንድ እጇ አላወለቀችም።

«ካርዴን መልሰህልኛል አይደል?»

«ያን ዕለት ሰጥቼሻለሁ።»

«አዎ።» ከጋውኗ ኪስ አወጣችው። «ይኸው። እዚሁ ነው። ታዲያ ማን ነው የሚያወጣው?»

ስልኩን ሰጠችኝ። ወጪ ሆኗል፣ ወጪ ሆኗል፣ ወጪ ሆኗል ይላል፤ አንዱ ከአንዱ ሥር። የመጨረሻው መልእክት የቀረላትን ይናገራል፤ ለአንድ ኪሎ ስኳር አይበቃም። ካርዱ እጇ ላይ ነበር። ሁለታችንም እያየነው ነበር። ያን ጊዜ አንድ ካርድ ሁለት ሊሆን እንደሚችል አናውቅም።

ፋርማሲስቱ ሲሰማ የራሱን ካርድ አውጥቶ አገላበጠ። «የኔም ሂሳብ ሳይገቡበት አይቀርም» አለ። «የገባው ሌባ ግን አልቅሶ ነው የወጣው። ትንሽ ብር ትቶልኝ እንዳይሆን ልየው።» ሰዉ ሳቀ፤ እሷም ትንሽ ሳቀች። ከዚያ ፋርማሲስቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መከራት። «ሲስተር፣ ባንክ ስትሄጂ ለማንም አልሰጠሁም በይ። ቁጥሩን ለሰው ከሰጠሽ አይመልሱልሽም። ፕላስተሩንም አንሺው።»

በማግስቱ አብረን ጋምቤላ ሄድን። የባንኩ ሠራተኛ በከረቫቱ ዙሪያ የሚፈሰውን ላብ በሶፍት እየጠረገ ሂሳቧን አየ።

«ገንዘቡ የወጣው አዲስ አበባ ነው።»

«እኔ ኢታንግ ነበርኩ። ካርዱም እኔ ጋ ነው።»

«ገልብጠውት ነው። ጥቁሩ መስመር ላይ ያለውን ወደ ሌላ ባዶ ካርድ ይገለብጡታል። ቁጥሩን ካወቁ በቃ፤ ያንቺ ካርድ ነው።» ካርዷን ገለበጠ። ፕላስተሩን አንስታዋለች፤ ሙጫው ግን አቧራ ይዞ አራት ማዕዘን ጥቁር ምልክት ትቷል። በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። «ይሄ ምንድን ነው?»

ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች።

«ካርድሽንና ቁጥርሽን ለሌላ ሰው ሰጥተሽ ታውቂያለሽ? ካልሰጠሽ ማመልከቻሽን ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት እልከዋለሁ። እነሱ ማሽኖቹ ላይ ያለውን ካሜራ ሁሉ ያያሉ። የዚህንም ማሽን፣ ያለፉትን ወራት ጨምረው።»

ባለፉት ወራት ካሜራው ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። የሷን ካርድ አስገብቼ፣ የሷን ቁጥር እየመታሁ። ዞር ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ወደ ሰውየው ተመለሰች።

«ሰጥቼ አውቃለሁ። ደሞዜን በየወሩ የሚያወጣልኝ እሱ ነው። ይሄኛውን ግን እሱ አልወሰደም። ወንድሜ ነው።»

ሠራተኛው እኔን አየ፤ እሷን አየ። «በእናት ነው በአባት?»

«በኢታንግ ነው» አለችው።

ሰውየው ሳይወድ ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ ማመልከቻውን ወደሷ ገፋው። ቁጥሩን ራሷ አሳልፋ ስለሰጠች ባንኩ እንደማይመልስ ነገራት። ለፖሊስ ማመልከት እንደምትችልም ጨመረ። አመለከትን። ከአንድ ፖሊስ ጋር ሱቁ ድረስ ሄድን፤ የለስላሳ ሳጥን የሚደረድር ሌላ ሰው ነበር። ባለማሽኑ ጠረጴዛ ተከራይቶ የነበረ እንግዳ እንደሆነና ዕቃውን ይዞ እንደሄደ ነገረን።

ስንመለስ ፒክአፑ ኋላ ላይ ተቀመጥን። ነፋሱ ስለሚጮህ ጮክ ብለን ነበር የምናወራው።

«አልሰጠሁም ብትዪ ይመልሱልሽ ነበር» አልኳት።

«ፖሊስ አንተን ይወስድህ ነበር።»

«እኔ ምንም አላደረግኩም።»

«እሱን እኔ አውቃለሁ። እነሱ በምን ያውቃሉ?» ነጠላዋን አፏ ላይ አጠበቀች። ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ ፊቷን ወደ ሣሩ እንዳዞረች፣ «ዝውውር ልጠይቅ ነው» አለች። «እሷን ማምጣት ካልቻልኩ እኔ ልሂድላት። ሌላ ዓመት ከጠበቅኩ ጭራሽ ትረሳኛለች።»

ብዙ የተዘጋጀ ነገር ነበረኝ። ማታ ማታ ቃሉን እየመረጥኩ፣ ግሡን እያስተካከልኩ ያስቀመጥኩት። ነገር ግን ባንክ ውስጥ ወንድሜ ብላኛለች፤ በዚያ ቃል ምክንያት ያጠራቀመችውን ሁሉ ትታለች። ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ልሁን ብሎ መጠየቅ ቃሏን ማቃለል መሰለኝ። «መቼ?» ብቻ አልኩ።

ዝውውሩ የመጣው ክረምቱ ሲወጣ ነው። ባለ ሁለት ክፍሉን ቤት አንድ የዕርዳታ ድርጅት ሾፌር ተከራየው። ካርድ የሚሰጠኝም አልነበረም። በወር መጨረሻ ሁሉም የየራሱን ኪሱ ውስጥ ይዞ ተራ በተራ ከተማ ይወርዳል፤ የማዋለጃውም ክፍል አንዳንድ ቀን ተቆልፎ ይውላል። ማንም በክፉ አላየኝም። በፊት ግን ደሞዝ ሲደርስ ሰው በየበሩ ስሜን ይጠራ ነበር።

የሄደች ዕለት ሻንጣዋን ሚኒባሱ ላይ የጫንኩላት እኔ ነኝ። «እኛ አገር ብትመጣ ብርዱ ይገድልሃል» አለችኝ በመስኮቱ። «ጃኬት ሳትይዝ እንዳትመጣ።»

ይህን ስትል ና ማለቷ ይሁን አትምጣ ማለቷ፣ እስካሁን አላወቅኩም። ከደጋ የሚመጣ ሾፌር ባገኘሁ ቁጥር በዚያ በኩል ዝናብ ጥሎ እንደሆነ፣ ማለዳ ላይ ምን እንደሚለበስ እጠይቃለሁ። ባለፈው ወር ጋምቤላ ገበያ ውስጥ ልባሽ ጨርቅ ከሚሸጥ ሰው ዘንድ ገበሩ ወፍራም የሆነ ሰማያዊ ጃኬት አነሳሁ። ክንዱን ለካሁ፤ ዚፑን ከፍቼ ዘጋሁ።

«አንተ ልጅ፣ በዚህ ሙቀት?» አለኝ ሻጩ በጋዜጣ እያራገበ። «ወባ ይዞሃል እንዴ?»

«ለመንገድ ነው» አልኩት።

«የት ልትሄድ?»

ብሩን ቆጥሬ ሰጠሁትና ጃኬቱን አጣጥፌ ብብቴ ሥር ያዝኩት።